ገጹ ይከፈታል፣ ሲኤስኤሱና ፎቶው ግን አይመጣም (ጃንጎ፣ ጉኒኮርን፣ ኤንጂንኤክስ)

የባለጀልባው ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሦስት ቀን የታገልኩበት ነገር ስላለ እባካችሁ እርዱኝ።

አባቴ ባሕር ዳር ላይ በሞተር ጀልባ እንግዳ ያመላልሳል። ዘጌ፣ እንጦስ ኢየሱስ፣ ክብራን ገብርኤል ይወስዳል። ሰው እየደወለ የሚጠይቀው ሁሌ አንድ ዓይነት ነው። ስንት ሰዓት ትነሳላችሁ? ዋጋው ስንት ነው? ሴት የቱ ገዳም ትገባለች? ስለዚህ ትንሽ ድረ ገጽ በጃንጎ (በፓይተን ድረ ገጽ መሥሪያ) ሠራሁለት። ላፕቶፔ ላይ ያምራል። የዑራ ኪዳነ ምሕረት ፎቶ ከላይ፣ የዋጋው ሰንጠረዥ መሀል ላይ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል።

ሰርቨር ላይ ስጭነው ግን ባዶ ጽሑፍ ብቻ ሆነ። ቀለም የለም። ፎቶው መሆን ያለበት ቦታ ላይ የተሰበረች ትንሽ ምልክት ብቻ አለች። አባቴ በስልኩ ከፍቶ ትንሽ ዝም አለና «ልጄ፣ ፎቶዎቹስ?» አለኝ።

ከፎቶው በላይ ያስጨነቀኝ ሌላ ነገር ነው። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም። ይህን በቀይ ሣጥን አድርጌ ከሁሉም በላይ እንዲታይ ነበር ያዘጋጀሁት። አሁን ሣጥኑም ቀለሙም ጠፍቶ ከሌላው ጽሑፍ ጋር ታች ተቀላቅሏል። ባለፈው ወር ሁለት እህቶች ሳያውቁ ከፍለው ሄደው፣ ጓደኞቻቸው ገዳሙን አይተው እስኪመለሱ ጀልባው ላይ ፀሐይ ሲመታቸው ቆዩ። አባቴ በጣም ነው ያዘነው። ይህ እንዲደገም አልፈልግም።

ሰርቨሩ ኡቡንቱ 22.04 (ሊነክስ) ነው። ከፊት የብሮውዘሩን ጥያቄ የሚቀበለው ኤንጂንኤክስ፣ ከኋላ የጃንጎውን ኮድ የሚያስኬደው ጉኒኮርን አለ። ዲበግ (የጃንጎ ስህተት መፈለጊያ) ፎልስ ነው፣ ጠፍቷል ማለት ነው። ዲበግን ትሩ አድርጌ በራንሰርቨር (በጃንጎ የመሞከሪያ ሰርቨር) ሳስነሳው ሁሉም ይመጣል። ብሮውዘሩ ላይ ኤፍ12 ተጭኜ ሳይ ሲኤስኤሱም (የገጹን ቀለምና አቀማመጥ የሚወስነው ፋይል) ፎቶዎቹም 404 (አልተገኘም) ይላሉ። ምን አጥፍቼ ነው?

ከሰባታሚት፦

እህቴ አይዞሽ። ኮድሽ ምንም አልሆነም።

ራንሰርቨር ሥራ ላይ ሳለሽ እንዲመችሽ ብሎ ስታቲክ ፋይሉን (ሲኤስኤሱንና የገጹን ፎቶዎች) ራሱ ያቀርብልሻል። ዲበግ ፎልስ ሲሆን ይህን ማድረግ ያቆማል። ጉኒኮርን ደግሞ ከመጀመሪያውም ይህ ሥራው አይደለም። እሱ የፓይተኑን ኮድ ያስኬዳል፣ በቃ። ስለዚህ ፋይሉን ከዲስክ አንስቶ ለብሮውዘሩ የሚሰጥ ሌላ አካል ያስፈልጋል። አንቺ ጋ ኤንጂንኤክስ አለ፣ ግን ማንም አልነገረውም።

መጀመሪያ ሴቲንግስ ውስጥ ስታቲክ ሩት የሚለውን ሙዪ። ፋይሎቹ ተሰብስበው የሚቀመጡበት ፎልደር ማለት ነው። ከዚያ ኮሌክትስታቲክ የሚለውን የጃንጎ ትእዛዝ አስኪጂ። ያንቺንም የአድሚኑንም (የጃንጎ ማስተዳደሪያ ገጽ) ፋይል አንድ ቦታ ይሰበስበዋል። ከዚያ ኤንጂንኤክስ ኮንፊግ ላይ ለ/ስታቲክ/ የራሱን ሎኬሽን (ለዚያ አድራሻ የሚሠራ ክፍል) ጻፊለትና ወደዚያ ፎልደር አመልክቺው። ኮሌክትስታቲክን ሲኤስኤስ በቀየርሽ ቁጥር መድገም አለብሽ፣ አትርሺ።

የባለጀልባው ልጅ፦

ወንድሜ እግዜር ይስጥልኝ። ያልከውን ሁሉ አደረግኩ። ስታቲክፋይልስ የሚባል ፎልደር ተፈጠረ፣ ከፍቼ አየሁት፣ ሲኤስኤሱም ፎቶዎቹም ውስጡ አሉ። ኮንፊጉ ላይ ሎኬሽን /ስታቲክ/ ብዬ፣ ከሥሩ ሩት የሚለውን ትእዛዝ ጽፌ የስታቲክፋይልስን ሙሉ አድራሻ ሰጠሁት። አሁንም 404 ነው። ፋይሉ በዓይኔ እያየሁት የለም ይለኛል።

የሌሊት ሠራተኛ፦

ሩት የሚለው ነው የሸወደሽ። እኔንም አንድ ሌሊት ሙሉ አሳድሮኛል።

ሩት ካልሽው ኤንጂንኤክስ የተጠየቀውን አድራሻ እንዳለ ወስዶ ከሰጠሽው ፎልደር ላይ ይቀጥለዋል። ብሮውዘሩ /ስታቲክ/ስታይል.ሲኤስኤስ ብሎ ሲጠይቅ፣ እሱ የሚሄደው ስታቲክፋይልስ ውስጥ ገብቶ እንደገና ስታቲክ የሚባል ፎልደር ፍለጋ ነው። እንደዚያ የሚባል ፎልደር ውስጡ የለም። ኮንፊጉን ቀይረሽ ሪሎድ ካላደረግሽ ደግሞ አዲሱ ጭራሽ አይሠራም፤ 404 የሚልሽ የድሮው ነው።

በሩት ፋንታ ኤሊያስ የሚለውን ትእዛዝ ጻፊ። ኤሊያስ የሎኬሽኑን ስም አውልቆ ይጥልና በምትኩ ያንቺን ፎልደር ይተካል። አንድ ነገር ልብ በዪ፤ የሎኬሽኑም የኤሊያሱም አድራሻ መጨረሻ ላይ ስላሽ (/) ይኑር። የሎኬሽኑ ላይ ኖሮ የኤሊያሱ ላይ ከጠፋ የፎልደሩና የፋይሉ ስም ይጣበቅና እንደገና 404 ታገኛለሽ።

ከዚያ ኤንጂንኤክስ ሰረዝ ቲ ብለሽ ኮንፊጉን ፈትሺ፣ ደህና ነው ካለ ሪሎድ አድርጊ፣ ኮንፊጉን እንደ አዲስ እንዲያነበው። ሳትፈትሺ ሪስታርት አታድርጊ። ኮንፊጉ ስህተት ካለበት አሁን የሚታየው ጽሑፍም ይጠፋል።

የባለጀልባው ልጅ፦

404 ጠፋ! አሁን ግን 403 መጣ። ሁሉም ፋይል ላይ ፎርቢደን ይላል። ወደፊት ሄድኩ ወይስ ወደኋላ?

አዲስ ገቢ፦

የፎልደሩን መብት በሙሉ 777 (ለሁሉም ክፍት) አድርጊው፣ ያልፋል። እኔ ሁሌ እንደዛ ነው የማደርገው።

ከሰባታሚት፦

777 አታድርጊ፣ በጣም ነው የምለምንሽ። አዲስ ገቢ፣ አንተም ብትተወው ይሻልሃል። 777 ማለት ሰርቨሩ ላይ ያለ ማንኛውም ተጠቃሚ ፋይሉን መቀየር ይችላል ማለት ነው። አንድ ቀዳዳ የተገኘ ቀን የአባቷ ዋጋና ስልክ ቁጥር በሌላ ሰው ቁጥር ተቀይሮ ታገኘዋለች። ደግሞ ችግሩ እዚያ ፎልደር ላይ ካልሆነ 777 ም አይፈታውም።

እህቴ፣ ወደፊት ነው የሄድሽው። 404 ማለት «ባልሽኝ ቦታ ፋይል የለም» ነው። 403 ማለት ደግሞ «ቦታውን አውቄዋለሁ፣ ግን መግባት ተከልክያለሁ» ነው። አሁን ግምት ይብቃንና ሎጉን (የሰርቨሩን መዝገብ) እንይ። /ቫር/ሎግ/ ውስጥ ኤንጂንኤክስ የሚባል ፎልደር አለ። እዚያ ያለውን የኤረር ሎግ የመጨረሻ መስመሮች አውጥተሽ የሚለውን ጻፊልን።

የባለጀልባው ልጅ፦

መብራት ሄዶ ነበር፣ ይቅርታ። ሎጉ ላይ ያለው ኦፕን ፌይልድ፣ 13፣ ፐርሚሽን ዲናይድ ነው። ከፊቱ የሲኤስኤሱ ሙሉ አድራሻ አለ፣ በ/ሆም/ ጀምሮ በእኔ ስም ያልፍና ስታቲክፋይልስ ድረስ ይሄዳል። የሚገርመኝ ፋይሉ ራሱ 644 ነው። ማንም ማንበብ ይችላል አይደል?

ከሰባታሚት፦

አሁን ተገኘ።

ፋይሉን ማንም ማንበብ ይችላል፣ ልክ ነሽ። ግን ኤንጂንኤክስ እዚያ ለመድረስ በመንገዱ ላይ ያሉትን ፎልደሮች ሁሉ ማለፍ አለበት። አንቺ የዘጌን መንገድ ከእኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ለመድረስ ከጀልባ ወርደሽ በቡናው ጫካ መሀል መውጣት አለብሽ። የቤተ ክርስቲያኑ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ቢጠብቅሽም፣ ታች ወደቡ ላይ ከታገድሽ አትደርሺም። ያንቺ ፋይል እንደዚያ ሆኖ ነው የተቀመጠው።

የታገደው የራስሽ የሆም ፎልደር (የግል ፎልደርሽ) ላይ ነው። ኡቡንቱ ከ21.04 ጀምሮ አዲስ የሚፈጠረውን የሆም ፎልደር 750 (ለሌሎች ዝግ) ያደርገዋል። ከዚያ በፊት 755 (ሌሎችም የሚያልፉበት) ነበር። ለዚህ ነው የድሮ ማስተማሪያ ቪዲዮዎች ላይ ፕሮጀክቱን ሆም ውስጥ አስቀምጠው ያለምንም ችግር የሚሠራላቸው። ያንኑ ደረጃ በደረጃ ተከትለሽ 22.04 ላይ ስትሞክሪው 403 ይመጣል። ኤንጂንኤክስ የሚሠራው ደብልዩደብልዩደብልዩ-ዳታ በሚባል ተጠቃሚ ስም ነው፣ እሱ ደግሞ ያንቺ ሆም ውስጥ ለመግባት መብት የለውም።

በዓይንሽ ማየት ከፈለግሽ ነይም-አይ ሰረዝ ኤል ብለሽ የሲኤስኤሱን ሙሉ አድራሻ ስጪው። ከላይ እስከ ታች እያንዳንዱን ፎልደር ከነመብቱ ይዘረዝርልሻል። የሌሎች መብት በሚታይበት በመጨረሻው ቦታ ኤክስ (የማለፍ መብት ምልክት) የሌለችበትን መስመር ፈልጊ። መንገዱ የተዘጋው እዚያ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ሆም ላይ ለሌሎች የማለፍ መብት መስጠት ትችያለሽ፣ ይሠራል። እኔ ግን አልወደውም። ሆም ውስጥ የሰርቨር መግቢያ ቁልፍሽም የግል ፋይልሽም አለ። ዝግ የሆነው በምክንያት ነው፣ ዝግ ይሁን። ይልቅ ስታቲክ ሩትን ከሆም አውጥተሽ /ቫር/ደብልዩደብልዩደብልዩ/ ሥር አዲስ ፎልደር አድርጊለት። ፎልደሩን በአንቺ ስም አድርጊው፣ 755 ይሁን፣ ኮሌክትስታቲክ ድገሚ፣ ኤሊያሱን ወደ አዲሱ አድራሻ ቀይሪ፣ ሪሎድ።

የባለጀልባው ልጅ፦

መጣ!! ቀለሙ መጣ፣ ሰንጠረዡ መጣ፣ ቀዩ ሣጥን ከላይ ቁጭ ብሏል። ነይም-አይ ስለው በትክክል የኔ ስም ያለበት መስመር ላይ ነው ኤክሷ የጠፋችው። ሦስት ቀን ሙሉ የፋይሉን መብት ስቀያይር ነበር፣ ለካ ፋይሉ ላይ አልነበረም።

አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የታንኳዋ ፎቶ ብቻዋን አሁንም 404 ናት። ደንገል የጫነች ታንኳ ናት፣ አባቴ ራሱ ያነሳት፣ እሷ እንድትቀር አልፈልግም። ሌሎቹ ሁሉ መጥተዋል። ላፕቶፔ ላይ እሷም ትታያለች።

የሌሊት ሠራተኛ፦

ላፕቶፕሽ ዊንዶውስ ነው? የፎቶዋን ስም መጨረሻ እይው። ብዙ ካሜራ ጄፒጂ የሚለውን በትልልቅ የእንግሊዝኛ ፊደል ነው የሚያስቀምጠው። ኮድሽ ላይ በትንንሹ ጽፈሽው ይሆናል። ዊንዶውስ ሁለቱን አንድ አድርጎ ያያቸዋል፣ ሊነክስ ግን ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው ይላል። ስሟን በትንንሹ ቀይሪና ኮሌክትስታቲክ ድገሚ። አሁንም ካልታየች ኮንትሮል ይዘሽ ኤፍ5 ተጫኚ፣ ብሮውዘሩ አሮጌውን ይዞ ይሆናል።

አዲስ ገቢ፦

777 የሚለውን መልሼያለሁ፣ አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ፤ ለትንሽ ድረ ገጽ ዋይትኖይዝ መጠቀም አይቀልም ነበር?

ከሰባታሚት፦

ይቀላል። ዋይትኖይዝ ስታቲኩን ጃንጎ ራሱ እንዲያቀርብ ያደርገዋል፣ ኤንጂንኤክስ ላይ ይህ ሁሉ ሎኬሽን አያስፈልግም። እሷ ጋ ግን ኤንጂንኤክሱ ቀድሞ ነበር። ደግሞ አባቷ ነገ በአድሚኑ በኩል አዲስ ፎቶ ልጫን ካለ፣ እሱ ሚዲያ ነው እንጂ ስታቲክ አይደለም። ዋይትኖይዝ በተጠቃሚ የሚጫን ፋይል እንዲያቀርብ አልተሠራም። እህቴ፣ ለ/ሚዲያ/ም እንደዚሁ አንድ ሎኬሽን ከነኤሊያሱ ጨምሪ። ጉኒኮርን እዚያ ፎልደር ላይ መጻፍ፣ ኤንጂንኤክስ ደግሞ ማንበብ መቻል አለባቸው።

የባለጀልባው ልጅ፦

እውነትም በትልልቁ ፊደል ነበር። ታንኳዋ መጣች።

ሚዲያውንም ጨመርኩ። ጠዋት አባቴ ወደብ ላይ ሆኖ በስልኩ ከፈተው። የታንኳዋን ፎቶ በጣቱ ገፋ አድርጎ አሰፋትና ጎኑ ላሉት ባለጀልባዎች እየዞረ አሳየ። ከዚያ ወደ ቀዩ ሣጥን ተመልሶ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። «እንጦስ ኢየሱስ ሴትም እንደሚገባ እዚሁ አጠገቡ ይጻፍ» ስላለኝ አሁን እሱን እየጨመርኩ ነው።