የ17 ዓመት ልጃችን፣ ማሪዋናና የሲቢዲ ዘይት፦ ኪኒኑን ትቶ ዘይቱን ይውሰድ?

ጥያቄ (ከሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። የእህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው፤ እኔ አክስቱ ነኝ። ከ15 ዓመቱ ጀምሮ እስክሪብቶ በሚመስል ቬፕ ማሪዋና ሲስብ መቆየቱን የሰማነው ሆስፒታል ከገባ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የስልኩን ካሜራ በፕላስተር ሸፍኖ፣ ሌሊት መብራት አጥፍቶ መስኮት ሥር ይቀመጥ ነበር፤ ጎረቤቶች ስሙን እየጠሩ እንደሚያሙት ይነግረን ነበር። ሐኪሞቹ ሳይኮሲስ (የሌለ ድምፅ መስማትና ከእውነታ መራቅ) ነው ብለው አሪፒፕራዞል የሚባል ኪኒን ጀመሩለት፤ አሁን ድምፆቹ ጠፍተዋል፣ እንቅልፉም ተመልሷል። እርሱ ግን «ያመጣብኝ ማሪዋናው ነበር፣ ትቼዋለሁ፤ ኪኒኑን ትቼ ሲቢዲ የሚባለውን፣ ከዚያው ተክል የሚወጣና የማያሰክር ዘይት ልውሰድ» ይላል፤ አንድ ጠርሙስም ገዝቷል። እናቱ ደግሞ ጸበል ልትወስደው ትፈልጋለች። ምን እንምከረው?

መልስ 1 (የአእምሮ ሕክምና ነርስ)

እህቴ፣ እንኳን ተሻለው። ልጁን ስላላየሁት የምናገረው ስለ ነገሩ ነው እንጂ የሐኪሙን ቦታ ልተካ አይደለም። በተክሉ ውስጥ የሚያሰክረው ቲኤችሲ ነው፤ አንጎል ውስጥ ሲቢ1 የሚባሉትን ተቀባዮች ይዞ፣ የነርቭ ሴሎች የሚለዋወጡትን መልእክት የሚመጥነውን የሰውነት የራሱን ሥርዓት ያዛባል። ፍርድንና ራስን መግዛትን የሚመራው የፊተኛው የአንጎል ክፍል እስከ 20ዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ድረስ ገና እየተስተካከለ ያለ በመሆኑ፣ በ15 ዓመት የሚጀምር ሰው በ30 ዓመት ከሚጀምረው የበለጠ ይጎዳል። በ1987 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊድን ጥናት ከ45 ሺህ በላይ ለውትድርና የተመዘገቡ ወጣቶችን ለ15 ዓመታት ተከታትሎ፣ ከ50 ጊዜ በላይ ያጨሱት ስኪዞፍሬንያ በሚባለው፣ ሳይኮሲስ ለረጅም ጊዜ በሚቆይበት ወይም በሚመላለስበት የአእምሮ ሕመም የመያዝ ዕድላቸው ካላጨሱት ስድስት እጥፍ ሆኖ አግኝቶታል። በቬፕ የሚሳበው የተጣራ ዘይት ደግሞ በቲኤችሲ መጠኑ ከዚያን ጊዜው ቅጠል እጅግ ይበልጣል። ብዙዎቹ አጫሾች እንደማይታመሙ አውቃለሁ፤ የእናንተ ልጅ ግን አንዴ ታሟል።

«ያመጣብኝ እርሱ ነበር» ማለቱ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ኪኒኑን ለመተው ግን ምክንያት አይሆንም። በዴንማርክ በማሪዋና ምክንያት ሳይኮሲስ ከያዛቸው ሰዎች መካከል ግማሽ የሚጠጉት በኋላ ስኪዞፍሬንያ ወይም ባይፖላር (ስሜት እጅግ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም) ተገኝቶባቸዋል።

መልስ 2 (ፋርማሲስት)

ስለ ሲቢዲ ልጨምር። በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ሙከራ 88 የስኪዞፍሬንያ ሕሙማንን ይዞ፣ በቀን 1000 ሚሊግራም ሲቢዲ ለስድስት ሳምንት የተሰጣቸው መጠነኛ መሻሻል ማሳየታቸውን ዘግቧል፤ ነገር ግን ሲቢዲው የተሰጠው በመደበኛው መድኃኒት ላይ ተጨምሮ እንጂ በእርሱ ፈንታ አልነበረም። የሱቅ ጠርሙስ እንዲህ ያለ መጠን አይሰጥም፤ ከዚህም የከፋው፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ በኢንተርኔት ከተሸጡ 84 የሲቢዲ ምርቶች ውስጥ 18ቱ ቲኤችሲ ተገኝቶባቸዋል። እንዲህ ያለ ምርት ልጁ ሸሸሁት ያለውን ነገር ሳያውቅ መልሶ ያስገባዋል። በዚያ ላይ ሲቢዲ መድኃኒቶችን የሚያብላሉ የጉበት ኢንዛይሞችን ስለሚያዳክም፣ ከኪኒኑ ጋር አብሮ ቢወስደው የኪኒኑ መጠን በደሙ ውስጥ ከፍ ሊል ይችላል። ጠርሙሱን ለሐኪሙ አሳዩት።

መልስ 3 (እናት)

እህቴ፣ የእኔም ልጅ በዚሁ መንገድ አልፏል። ጸበል ቦታ ሳለን ኪኒኑን ከእምነት ማነስ የቆጠሩት ሰዎች ነበሩ፤ እኔም ደንግጬ አቋረጥኩበት፣ በአራተኛው ሳምንት ዳግመኛ እንቅልፍ አጣ። ዛሬ ግን ጠዋት ይጠመቃል፣ ማታ ኪኒኑን ይውጣል፤ የንስሐ አባታችንም ይህንኑ መክረውናል። ሆስፒታሉን ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይኮሲስ ለያዛቸው ወጣቶች የተዘጋጀ የተቀናጀ ሕክምና ካለ ጠይቁ። በእርሱ ውስጥ ሐኪም፣ የንግግር ሕክምናና የትምህርት ድጋፍ አንድ ላይ ይሰጣሉ፣ ቤተሰብም አብሮ ይገባል። ልጄ ወደ ትምህርቱ የተመለሰው በዚህ ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የፊታችን ሐሙስ ቀጠሮ አለው፤ ጠርሙሱን በቦርሳዬ ይዤ እሄዳለሁ፣ እህቴም ጸበሉን ከኪኒኑ ጋር ለማድረግ ተስማምታለች።