የልጆቼን ስብስብ እንዴት ልያዘው?

ሰላም ወላጆች። የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ወንዱ 9 ዓመቱ፣ ሴቷ 6 ዓመቷ ነው። እኔ ቤት ሲዝረከረክ ጭንቅ የሚለኝ ሰው ነኝ። እነሱ ደግሞ ያገኙትን ሁሉ ይሰበስባሉ።

ቆርኪውና የከረሜላ ወረቀቱ ይሁን፣ ችዬዋለሁ። ያስቸገረኝ ድንጋይና ላባ ነው። ከሐይቁ ዳር ቀዳዳ የበዛበት ቀላል ድንጋይ ያመጣሉ። ባልዲ ውስጥ ሲጥሉት ይንሳፈፋል። አባታቸው «ከእሳተ ገሞራ የወጣ ነው፤ የሚንሳፈፈው ውስጡ አየር ስላለ ነው» ካላቸው ወዲህ ጭራሽ ባሰባቸው። አልጋ ስር አንድ ማዳበሪያ ሙሉ አለ። ላባው ደግሞ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ ከአሞራ ገደል ነው፤ የዓሣ ትራፊ ከሚጠብቁት አባ ኮዳ ከሚባሉት ትልልቅ ወፎች ስር የተለቀመ። ይሸታል። በሽታ እንዳያመጣባቸውም እፈራለሁ።

ባለፈው ሳምንት ትምህርት ቤት ሳሉ ግማሹን ጣልኩት። ልጄ መጥቶ ሲያይ አልጮኸም። ዝም ብሎ የቀሩትን መቁጠር ጀመረ። አንጀቴን በላው። ይቅርታ ጠይቄዋለሁ፤ ግን አሁን ድንጋዮቹን ቦርሳው ውስጥ ከትቶ አቅፎ ነው የሚተኛው።

ከእንግዲህ ሳልነግራቸው አልጥልም። ለእያንዳንዳቸው አንድ ካርቶን ሰጥቼ «ሲሞላ የሚወጣውን እናንተው ምረጡ» ልበል? ላባውን በሳሙና አጥቦ ፀሐይ ላይ ማስጣት ይበቃል ወይስ ቁርጥ አድርጌ ልከልክል? እንዲህ ያለ ልጅ ያሳደጋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ በተለይ የድንጋዩን ነገር።