የባለቤቴ ድባቴ ቀለለ፤ ከልጃችን ጋር ያላት ግንኙነት ግን ገና አልተስተካከለም

ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን ከወለደች አምስት ወር ሆኗታል። በሁለተኛው ወር፣ የድባቴ ምልክቶችን የሚለካው፣ 10 ጥያቄዎች ያሉት የኤድንብራ መጠይቅ ውጤቷ ከ30 19 መሆኑን ስላሳየ የድኅረ ወሊድ ድባቴ እንዳለባት ተነግሯት፣ ሰርትራሊን የተባለውን የድባቴ መድኃኒትና ከባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚሰጥ የሥነ ልቦና ሕክምና ጀመረች፤ በሐኪሟ ምክር ጡት ማጥባቷንም ቀጥላለች። አሁን ነጥቧ ወደ 8 ወርዷል፤ እንቅልፏም ተመልሷል።

የሚያስጨንቀኝ ሕፃኑ ነው። በሰዓቱ ታጠባዋለች፣ ልብሱን ትቀይርለታለች፤ ይህን ሁሉ የምታደርገው ግን ዝም ብላ፣ ፊቱን ሳታይ ነው። ድምፅ ሲያሰማ አትመልስለትም፤ እሱም ለእኔ እየሳቀ ከእርሷ ዓይኑን ማሸሽ ጀምሯል። ሕፃን ቋንቋንም ሆነ ስሜቱን ማረጋጋትን የሚማረው እንዲህ ካለው የድምፅና የፊት ምልልስ በመሆኑ ነገሩን በዝምታ ማለፍ አልቻልኩም። «አጫውቺው» ስላት በጥፋተኝነት ስሜት አለቀሰች፤ ጫናውን ላቅልላት ብዬ እንክብካቤውን ጠቅልዬ ስይዝ ደግሞ ይበልጥ ራቀችው፤ ይህም ስሕተት እንደነበር አሁን ይገባኛል። የእናት ድባቴ ሲቀንስ ከልጇ ጋር ያላት ግንኙነት ሁልጊዜ በራሱ እንደማይስተካከል አንብቤያለሁ።

በዚህ መንገድ ያለፋችሁ ወይም በሙያው ያላችሁ፣ ባለቤቴ ጥፋተኛ እንደሆነች ሳይሰማት ከልጇ ጋር መተያየትና ድምፅ መመላለስ እንድትጀምር፣ በቀን ለጥቂት ደቂቃ በቤት ውስጥ ልናደርገው የምንችለው የመጀመሪያ እርምጃ ምንድን ነው?