ዶሊ ፓርተን ከዊጓ ባሻገር

ጠያቂ፦ ሰላም ቤቶች! ዘፋኟ ዶሊ ፓርተን ስትነሳ ወሬው ሁሌ ስለ ዊጓና ስለሚያብረቀርቀው ልብሷ ነው። ካንትሪ የሚባለውን የአሜሪካ ሙዚቃ የምታውቁ ንገሩኝ እስቲ፣ እውነት ያን ያህል ችሎታ አላት? ከየትኛው ልጀምር?

ካንትሪ ወዳድ፦ አላት እንጂ! ደራሲ ናት እኮ። ዊትኒ ሂውስተን እ.ኤ.አ. በ1992 ዓለምን ያስለቀሰችበት «አይ ዊል ኦልዌይስ ላቭ ዩ» የዶሊ ድርሰት ነው፤ ከካንትሪ ዘፋኙ ፖርተር ዋጎነር ጋር መሥራቷን ስታቆም ለስንብት ጽፋው በ1974 አወጣችው። ኤልቪስም ሊዘፍነው ፈልጎ ነበር። ማናጀሩ ግን የድርሰቱን ገቢ ግማሽ ካልሰጠሽ አላት፣ እሷም እያለቀሰች እምቢ አለች። በዚያ ዘመን፣ ያውም ለኤልቪስ!

ባለ ጊታሩ፦ እኔ ሁሌ እጇን ነው የማየው። በዚያ ረጅም ጥፍር የጊታሩን ገመድ በጣት እየለየች ትመታለች፣ አውራ ጣቷ ባሱን ይዞ ይሄዳል፣ ድምጿ ደግሞ ከላይ በነፃነት ይንሳፈፋል። «ናይን ቱ ፋይቭ» ላይ የምትሰማው የታይፕ ድምፅ የሚመስል ነገር ራሱ ጥፍሯ ነው፤ እርስ በርስ እያፋተገች ነው የቀረጸችው።

ሦስተኛ መላሽ፦ በሁሉም እስማማለሁ፣ ግን በ1980ዎቹ ሥራዎቿ አትጀምር፤ ኪቦርዱ ይበዛባቸዋል። በ1971ዱ «ኮት ኦፍ ሜኒ ከለርስ» ጀምር። እናቷ ከቁርጥራጭ ጨርቅ ስለሰፋችላት ኮትና ትምህርት ቤት ስለሳቁባት ልጆች ነው የምትዘፍነው። አንድም የሚጣል ቃል የለውም። ከዚያ «ዘ ግራስ ኢዝ ብሉ»ን ስማ፣ የ1999 የብሉግራስ (በባህላዊ የክር መሣሪያዎች የሚሠራ የካንትሪ ዓይነት) አልበሟ ነው። ባንጆና ፊድል (ቫዮሊን) ሲያጅቧት ድምጿ ምን ያህል እንደሆነ ያኔ ይገባሃል።