«ስቅስቅ» ካለች በኋላ «እንደ ሕፃን» ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ሰላም ቤተሰብ። ከሀዋሳ ነኝ። አጭር ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ባለታሪኳ አሞራ ገደል በሚባለው የከተማችን ዓሣ ገበያ ዓሣ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። «እንደ ሕፃን ስቅስቅ ብላ አለቀሰች» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ «ተሰለቸ» አለችኝ። ምን ላድርገው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጓደኛሽ እውነቷን ነው። «ስቅስቅ» ብቻውን ትከሻ ያነቃንቃል፣ ትንፋሽ ይቆራርጣል። ሕፃኑን ስትጨምሪበት ሥዕሉ ይደበዝዛል እንጂ አይደምቅም። አነጻጻሪ ዘይቤ የሚያስፈልገው ቃሉ ብቻውን ሲያንስ ነው።

አማርኛ ለሐዘን መጠን መለኪያ አለው፤ ብዙ ጸሐፊ ግን አይጠቀምበትም። «ተከዝ አለች» እና «ትክዝ አለች» አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ለአፍታ ነው፤ ቡና ሲቀርብላት ትመለሳለች። ሁለተኛው ውስጥ ድረስ ይገባል፤ ሲኒው እጇ ላይ ይቀዘቅዛል። ፈዘዝና ፍዝዝ፣ ቀዘዝና ቅዝዝም እንዲሁ። ታሪኩ መጀመሪያ ላይ ፈዘዝ አድርጊያትና መሐል ላይ ፍዝዝ ትበል። አንባቢው «ሐዘኗ እየከበደ ሄደ» የሚል ዓረፍተ ነገር አይፈልግም።

እንባም ደረጃ አለው። ዓይን ላይ ቅርር ሲል ገና አልወረደም። ከዚያ ዱብ ዱብ ይላል፣ ወይም ጉንጭ ላይ ኮለል ይላል። እኔ ቅርር ያለውን እመርጣለሁ። ሰው እንባውን ሲይዝ የበለጠ ያሳዝናል።

«ምርር ብላ አለቀሰች» ካልሽ ደግሞ «እንደ እሬት» አትበይ። ምሬቱ ቃሉ ውስጥ አለ።

ሌላ አባል፦ «እርር ድብን አለች»ስ?

መልስ፦ እሱ ለንዴትና ለቁጭት ነው። ሟች ላይ አይሄድም፤ ውርስ የወሰደባት ወንድሙ ላይ ግን ይሄዳል። ሆድና አንጀትንም አታምታቱ። ሆድ የሚብሰው ለራስ ነው፤ አንጀት የሚላወሰው ለሌላው። እሷ ሆድ ይብሳታል፣ የሚያያት ጎረቤት አንጀቱ ይላወሳል።

ሌላ አባል፦ ማነጻጸሪያ ካስፈለጋት ከሰፈሯ ትውሰድ። እዚያው ዓሣ የሚበለትበት አጠገብ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አንገታቸውን ትከሻቸው ውስጥ ቀብረው ይቆማሉ። «እንደ አባ ኮዳ ኩምትር ብላ ተቀመጠች» ቢባልስ?

መልስ፦ አቋቋሙ ልክ ነው፤ ወፉ ግን ልክ አይደለም። ሀዋሳ ያደገ ሰው አባ ኮዳን ሲያስብ የዓሣ ሆድ ዕቃ ሲሻማ ነው የሚታየው። ሐዘንተኛዋን መሳቂያ ታደርጊያታለሽ። ለቅሶ ቤት መጥቶ የብድሩን ነገር ሊያነሳ ጥግ ይዞ ለሚጠብቅ ሰው አስቀምጪው፣ ለእሱ ይሆናል። ለእሷ «ኩርምት ብላ ተቀመጠች» ይበቃል።

ጠያቂዋ፦ አበዳሪውን ወድጄዋለሁ፣ እጨምረዋለሁ! አንድ የመጨረሻ፦ ከቀብር ስትመለስ ባዶውን አልጋ አይታ «ክው አለች» ብያለሁ።

መልስ፦ «ክው» የድንገት ነው። ማለዳ በር ተንኳኩቶ፣ ሽማግሌዎቹን ደጅ ላይ ስታይ ክው ትበል። ከቀብር መልስ አልጋው ባዶ መሆኑን ታውቃለች። እዚያ ጋ ቅዝዝ በቂ ነው።