ከቡሄ በኋላ ለሚመጣው ውኃ፦ የጋራ ሐሳባችን ምን ይሁን?

ሰብሳቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እሑድ እንደተስማማነው፣ ለወረዳው የምናስገባውን የጎርፍ ሐሳብ እዚሁ እንጻፈው። ግንቦት ሳይወጣ መግባት አለበት። ረቂቁን እኔ ጀምሬዋለሁ፤ ሦስት ነገር ነው የሚለው። በጣና ሐይቅ ዳር የአፈር ክትር ይሠራልን። እህል ለጠፋበት ሰው ይተካለት። ጀልባ ይመደብልን። በሉ ጨምሩ፣ ቀንሱ። ቀኑን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ጻፉ። ባለፈው የፈረንጁ ተቀላቅሎ መላ ቅጡ ጠፍቶብን ነበር።

ገንዘብ ያዥ፦
ጀልባው ይውጣ። ማን ይነዳዋል? ነዳጁንስ ማን ይገዛል? ሐምሌ ላይ መጥቶ ጥቅምት ላይ የዶሮ ማደሪያ ይሆናል።

አባል (ከሐይቁ ዳር፣ አርሶ አደር)፦
ጋሼ፣ እኔ ክትሩን አልወደድኩትም። ባለፈው ክረምት ውኃ ሁለት ጊዜ ነው የገባብኝ። መጀመሪያ የመጣው ከሐይቁ በኩል አይደለም፣ ከጀርባ በማሳው በኩል ነው። ሌሊት ነው። ስነሳ ጎተራው ሥር እስከ ቁርጭምጭሚት ሆኗል። በሁለት ቀን ጎደለ። ሐይቁ ራሱ የደረሰብኝ መስቀል ሲቃረብ ነው። እሱ ደግሞ አልጮኸ፣ አላጓራ፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያለ ገብቶ ሦስት ሳምንት ተኛ። ክትር ኖሮ ቢሆን የጀርባውን ውኃ አግዶ እኔው ቤት ያስቀረው ነበር። ደራሽና ሙላት አንድ አይደለም። ረቂቁ ላይ ግን «ጎርፍ» ብላችሁ ሁለቱን አንድ ላይ ጠቅልላችኋል።

መምህር፦
እህቴ ያነሳችው ዋናውን ነገር ነው። ትንሽ ላስረዝም፣ ታገሡኝ።

ክረምት ሲገባ የዝናቡ መቀነት ከደቡብ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ሐምሌና ነሐሴ ከእኛም አልፎ ይሄዳል። እርጥበቱ ከሩቅ ነው የሚመጣው። ከፊሉ ከአትላንቲክ ተነሥቶ ኮንጎን አቋርጦ፣ ከፊሉ ከሕንድ ውቅያኖስ። የጎጃም ደጋ ላይ ሲደርስ ተራራው ወደ ላይ ይገፋዋል። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ይዘንባል። ሰከላ በግሽ ዓባይ በኩል የወረደው ዝናብ ግልገል ዓባይን ይዞ ወደ እኛ ይመጣል። ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ትልቁ እሱ ነው። ርብ፣ ጉማራና መገጭ በወዲያኛው ወገን ናቸው።

ሰዓቱም የራሱ ነገር አለው። ቀን ቀን ምድሩ ከሐይቁ ቀድሞ ይሞቃል፤ ነፋሱ ከውኃው ወደ ምድር ይነፍሳል፣ ደመናው ተራራው ላይ ይቆማል። ማታ ይገለበጣል። ስለዚህ በሐይቁና በደቡብ ዳርቻው ዝናቡ የሚበረታው አመሻሽና ሌሊት ነው። ደራሹ ተኝተን የሚያገኘን ለዚህ ነው።

ሙላቱ ሌላ ነው። ሐይቁ የዝናቡን ሁሉ ሒሳብ ቀስ ብሎ ይደምራል። ዝቅ የሚለው ሰኔ አካባቢ ነው፤ ጫፍ የሚደርሰው ግን ዝናቡ ከበረታበት ከሐምሌና ነሐሴ በኋላ፣ መስከረም ውስጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ይሆናል። እኛ ደግሞ «ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት» እያልን ጎተራውን ወደ ታች የምናወርደው በዚያው ሰሞን ነው። ለዝናቡ አባባሉ ብዙም አይስትም። ለሐይቁ ግን አይሠራም።

ሹፌር አባል፦
መምህር፣ አንድ ጥያቄ። ኅዳር 2012 ጅቡቲ ነበርኩ፣ ጭነት እየጠበቅኩ። ከተማው ውኃ ዋጠው። መኪናው ውስጥ ነው ያደርኩት። እኛ አገር ኅዳር እህል የሚታጨድበት ጊዜ አይደል? ባሕሩ ነው የወጣው ብዬ ነበር።

መምህር፦
ባሕሩ አልወጣም፣ ሰማዩ ነው የወረደው። በዚያ ዓመት የሕንድ ውቅያኖስ ምዕራቡ ከልክ በላይ ሞቆ፣ ምሥራቁ ቀዝቅዞ ነበር። እንደዚያ ሲሆን ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ከባድ ዝናብ ይወርዳል። ሶማሊያና ኬንያም በዚያው ሰሞን ተጥለቅልቀዋል። አንዳንዴ ደግሞ አውሎ ነፋስ አለ፤ ግንቦት 2010 ሳጋር የተባለው ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ ሶማሌላንድን መትቷል። ጅቡቲም ከጎርፉ አላመለጠችም።

የእኛ ክረምት የበለጠ የሚያዳምጠው ፓስፊክን ነው። እዚያ ውኃው ሲሞቅ ኤልኒኖ ይሉታል፤ ክረምታችን ይሳሳል። የ2007ን ክረምት አስታውሱ። ሲቀዘቅዝ ላኒና ነው፤ ክረምቱ ወደ መበርታት ያደላል። ከ2012 ክረምት መጨረሻ ጀምሮ ሦስት ዓመት ያህል የቆየው ላኒና ነበር። ዋስትና ግን አይደለም፣ ማዘንበል ነው።

ዓሣ አጥማጅ አባል፦
ይሄ ሁሉ ጥሩ። ግን ለምን በሩን አይከፍቱልንም? ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በጨረጨራ ላይ በር አለ። በ1995 ሰኔ ሐይቁ ሸሽቶ ጀልባችን ጭቃ ላይ ሲቀር ያ በር ነው የተወቀሰው። ሲጎድል ያጎድላል፣ ሲሞላ ደግሞ አይከፈትም። ረቂቁ ላይ «መስከረም ላይ በሩ ይከፈት» ተብሎ ይጻፍ።

መምህር፦
እስቲ እናስላው። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ ለማጉደል 30 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ መውጣት አለበት። በሩ በሴኮንድ 300 ሜትር ኩብ ቢለቅ በቀን 26 ሚሊዮን ገደማ ነው። አንድ ሴንቲ እንኳ አይሞላም፤ ወንዞቹ ደግሞ በዚያው ቀን እየጨመሩ ነው። የሐይቁን ውኃ ወደ በለስ በሚወስደው በጣና በለስ ዋሻ በኩልም ውኃ ይወጣል፣ እሱም ቢሆን ቤትህን በአንድ ሳምንት አያደርቅልህም። መስከረም ላይ በር መክፈት ድስቱ ከገነፈለ በኋላ እሳት እንደ መቀነስ ነው።

ዓሣ አጥማጅ አባል፦
እሺ፣ ገባኝ። እንግዲያው ሐይቁ ስንት እንደደረሰ ይንገሩን። ባሕር ዳር ላይ ይለካል አይደል? ቁጥሩ ለምን እዚያው ይቀራል?

ጸሐፊ፦
ይሄን ወደድኩት። ዘንድሮ አንድ ቢሮ የላከልን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ እኮ የደረሰን መስከረም 20 ነው። ወንበር ላይ ቆሜ ነው ያነበብኩት፣ ወለሉ ውኃ ነበር።

አባል (ከመራዊ በላይ፣ ዘመድ ማኅበር)፦
ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። እኛ ከላይ ነን። ግልገል ዓባይ ሲቆጣ ቀድመን እናየዋለን፤ ድምፁ ይለወጣል፣ ቀለሙም ቡና ይሆናል። ለእናንተ መንገር ቀላል ነው። ሁለት ሰው መድቡልን፣ እንደውላለን።

ገንዘብ ያዥ፦
እግዜር ይስጥልን። ካርዱን ማኅበሩ ይችላል። ሚስኮልም ይበቃል። ሁለት ጊዜ ከተደወለና ከተዘጋ ወንዙ ሞልቷል ማለት ነው።

አባል (ከሐይቁ ዳር፣ አርሶ አደር)፦
ሌሊት ስልኬ ድንጋይ ነው፣ መብራት የለም። የእድሩ ጥሩምባ ይሻላል። ግን ለቀብር የሚነፋው ዓይነት አይሁን፣ ሰው ለቅሶ መስሎት ነጠላውን አዘቅዝቆ ይወጣል።

ሰብሳቢ፦
ሦስት ጊዜ አጭር አጭር ይነፋ። ለቀብሩ ረጅም ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እንሞክረዋለን።

ክትሩን ልሰርዘው ነው። የሚቃወም አለ?

ሹፌር አባል፦
አትሰርዘው፣ ቀይረው። ቦዩ ከተደፈነ ሦስት ዓመት ሆነው። የጀርባው ውኃ መውጫ የለውም። ሰኔ ሚካኤል ሳይደርስ ቦዩን እኛው በደቦ እንጠርገው፤ ወረዳው ከመንገዱ ሥር ያለውን ቱቦ ብቻ በሰፊ ይቀይርልን።

ዓሣ አጥማጅ አባል፦
ዳር ዳሩን ያለው ደንገል ደግሞ አይቆረጥ። ለታንኳ የምንፈልገውን ያህል ብቻ። ማዕበሉን የሚሰብረው እሱ ነው። እዚያ ድረስ ገብተው የሚያርሱ አሉ። ስም አልጠራም፣ አንዳንዶቻችሁ ይሄን እያነበባችሁ ነው።

አባል (ከሐይቁ ዳር፣ አርሶ አደር)፦
«እህል ይተካ» የሚለውም ይለወጥ። የተረጂ ስንዴ ታኅሣሥ ላይ ምን ያደርግልኛል? ውኃው ሲሸሽ ምድሩ እርጥብ ነው። ያኔ የሽምብራና የጓያ ዘር ባገኝ ራሴ አተካዋለሁ። ዘሩ ጥቅምት ሳይጋመስ ይድረስ። ጓያው ግን አይብዛ፣ እሱን ብቻ የበላ እግሩን ይይዘዋል።

ጸሐፊ፦
እስካሁን የተባለውን እንዲህ ጽፌዋለሁ፦

«ማኅበራችን በየክረምቱ ሁለት ውኃ ይደርስበታል። አንደኛው ደራሽ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሌሊት፣ በወንዝና በማሳ በኩል ይመጣል። ሁለተኛው የሐይቁ ሙላት ነው፤ ከቡሄ በኋላ ይበረታል፣ መስከረም ላይ ይቆያል። ለደራሹ ከላይኛው ተፋሰስ ማኅበር ጋር በስልክ፣ በቀበሌያችን በጥሩምባ የምንጠራራበትን መንገድ ራሳችን እናቋቁማለን። ቦዩን ራሳችን እንጠርጋለን። ወረዳው የመንገዱን ቱቦ እንዲቀይር፣ ከነሐሴ 1 እስከ መስከረም 30 የሐይቁን ከፍታ በየሳምንቱ እንዲያሳውቀን፣ የሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚያወጣውን የክረምት ትንበያ ሰኔ ሳይገባ እንዲያደርሰን፣ ውኃው ሲሸሽ የሽምብራና የጓያ ዘር እንዲያቀርብ እንጠይቃለን።»

መምህር፦
አንድ ነገር ጨምርበት። ትንበያው የሚነገረው «ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች» እየተባለ በመቶኛ ነው። «ከመደበኛ በላይ» የተባለ እንደሆነ እኛ ምን እናደርጋለን? አሁኑኑ ካልተጻፈ ወረቀቱ ሲመጣ አንብበን እናጥፈዋለን።

አባል (ከሐይቁ ዳር፣ አርሶ አደር)፦
ጎተራው እስከ ጥቅምት መጀመሪያ አይወርድም። እንዲያ በለው።

ዓሣ አጥማጅ አባል፦
እኔ ወደቡ አጠገብ ምሰሶ ተክዬ ቀለም እቀባለሁ። በየክንዱ መስመር፤ ቀዩ መስመር ባለፈው ዓመት የደረሰበት። ከባሕር ዳር ቁጥር ሲመጣ ከእኔ ምሰሶ ጋር እናስተያየዋለን።

ገንዘብ ያዥ፦
የቀለሙ ዋጋ ስንት ነው? ደረሰኝ አምጣ።

ሰብሳቢ፦
ጸሐፊ፣ ሁለቱንም ጨምርና ረቡዕ ማታ ላክልኝ። ማኅተሙ እኔ ጋ ነው። ሐሙስ ገበያ ስለሆነ ወረዳ የምሄደው ዓርብ ነው፤ አብሮኝ የሚሄድ አንድ ሰው ከሐይቁ ዳር እፈልጋለሁ።

አባል (ከሐይቁ ዳር፣ አርሶ አደር)፦
እኔ እሄዳለሁ። እስከ የት እንደገባብኝ በእጄ አሳያቸዋለሁ።