ደጎብያ ምንድን ነው? ቶሎ በሉልኝ!

ሳራ (ጠያቂ)፦ ሰላም ቤተሰብ። ዛሬ 9 ሰዓት ላይ ሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች አሉብኝ። ወረቀቱ ላይ አራት ሳጥን አስምሬ ተምችና አንበጣ ስያለሁ፣ ሦስተኛው ባዶ ነው። ባለፈው አንዷ ሚጢጢ «ደጎብያ ምን ይመስላል?» ብላ አፋጠጠችኝ። ዕብራይስጡ ምን ይላል?

ቀዌሳ፦ የቱ ጥቅስ? ጠንቋይ አይደለንም እኮ።

ሳራ፦ ውይ ይቅርታ፣ ኢዩኤል 1፥4። «ከአንበጣም የቀረውን ደጎብያ በላው፥ ከደጎብያም የቀረውን ኩብኩባ በላው» የሚለው።

የቅኔ ልጅ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ነገር ግእዙ እያለ ዕብራይስጥ ፍለጋ ምን አስኬደሽ? የዛሬ ልጆች ሥሩን ትታችሁ ቅርንጫፍ ላይ ትንጠላጠላላችሁ፣ መምህር መጠየቅ ቀርቶ...

ቀዌሳ፦ ኢዩኤል በግእዝ አልጻፈማ።

አንባቢው፦ በዕብራይስጥ በተራ ጋዛም፣ አርቤ፣ የሌቅ፣ ሐሲል ናቸው። ደጎብያ የገባው በየሌቅ ቦታ ነው። ጋዛም ከመቁረጥ፣ አርቤ ከመብዛት፣ ሐሲል ጠርጎ ከመብላት ጋር ይያያዛል። ናሆም 3፥16 ላይ የሌቅ ገፎ በረረ ይላል። ስለዚህ ብዙዎች ክንፉ ገና ያልወጣ፣ ቆዳውን ሊጥል የደረሰ አንበጣ ነው ይሉታል።

የራያ ልጅ፦ ክንፍ የሌለውን እኛ ኩብኩባ ነው የምንለው፣ የግብርና ባለሙያዎቹም እንደዚያው። በ2013 መኸር የመጣብን ባለክንፉ ነበር። ጅራፍ ስናጮኽ፣ ጀሪካን ስንደበድብ ከእኛ ጤፍ ተነሥቶ ጎረቤት ማሳ ላይ ያርፋል። ጎረቤት ሲደበድብ ደግሞ ተመልሶ እኛ ጋ። ኩብኩባ ሳዪ።

ማርታ፦ ኩብኩባ ሳዪ።

ቀዌሳ፦ አራተኛው ምን ሊሆን ነው ታዲያ?

ደረጀ፦ አራቱ የአንበጣ ዕድገት ናቸው የሚለው አይዋጥልኝም። 2፥25 ላይ ተራው ተቀያይሮ ጋዛም መጨረሻ ነው የሚመጣው። ተምች ደግሞ አድጎ የእሳት ራት ነው የሚሆነው፣ አንበጣ ከየት ይመጣል? ነቢዩ ስም የደረደረው አንዱ የተወውን ሌላው ጠረገው ለማለት ነው። የግሪኩ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም እንዲያውም አራተኛውን ዋግ ብሎታል፣ የስንዴውን በሽታ። እሱ ጭራሽ እግርም የለው።

የኔታንያዋ፦ እዚህ እስራኤል ሐሲሎን ስትይ ሽሪምፕ ነው የሚያመጡልሽ ሃሃሃ። አራተኛው ሳጥን ላይ ሽሪምፕ ሳዪባቸው። ጋዛም ግን የገባኝ አሁን ነው፣ ዛፍ ገረዘ ሲሉም ጋዛም ነው የሚሉት።

ሳራ፦ 8፡40 ሆነ! ክንፍ አልባ ስያለሁ፣ ፌንጣ መሰለብኝ። ከሥሩ ምን ልጻፍ?

አንባቢው፦ መጽሐፉ ላይ ያለውን፣ ደጎብያ። ልጅቷ ከጠየቀች ክንፉ ያልወጣ አንበጣ በያት። ፌንጣ ቢመስልም ችግር የለውም፣ ዘመዱ ነው።

ማርታ፦ ሳርዬ እንዴት ሆነልሽ?

ቀዌሳ፦ ዮሐንስ መጥምቅ የበላው የትኛውን ነው ግን?

የቅኔ ልጅ፦ እሱን ለብቻው ጠይቅ፣ እንዳንጣላ።